ኮንፌዴሬሽኑን መጠገን ወይስ መተካት? በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የቀረቡት አማራጮች ሲነጻጸሩ

የኮንፌዴሬሽንና የፌዴሬሽን ክርክር በተነሳ ቁጥር አሜሪካ በምሳሌነት መጠቀሷ አይቀርም። የሚጠቀሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ሰነድ ብቻ ነው። በ1787 ለአዲሲቱ ሪፐብሊክ የቀረቡት መንገዶች ስድስት ያህል ነበሩ፤ ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም ከአንዱ ዋልታውን፣ ከሌላው ግድግዳውን ወስዶ የተገጣጠመ ነው። እዚህ እያንዳንዱ አማራጭ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚሰበርና ለማን እንደሚመች እናያለን። ሕገ መንግሥት ለሚያጠና፣ በክርክር መድረክ አንዱን ወገን ይዞ መሟገት ላለበት፣ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና «ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በ1787 ነው» ብሎ ሸምድዶ ለምን እንደተጻፈ ማወቅ ለሚፈልግም ይሆናል። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ብልሽቱን መለየት

«የኮንፌዴሬሽን አንቀጾች» የሚባለውን የመጀመሪያውን ሰነድ ኮንግረስ የተቀበለው ኖቬምበር 15 ቀን 1777 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ግን ማርች 1 ቀን 1781 ነው። ያዘገየችው ሜሪላንድ ናት፤ ቨርጂኒያና ሌሎቹ በምዕራብ በኩል የእኛ ነው የሚሉትን ሰፊ መሬት ለጋራው መንግሥት ካላስረከቡ አልፈርምም ብላ ቆየች። ገና ሲጀመር አንዲት ግዛት አሥራ ሁለቱን ማስቆም እንደምትችል የታየው ያኔ ነው።

ሰነዱ 13 አንቀጾች አሉት። ምክር ቤቱ አንድ፣ የእያንዳንዷ ግዛት ድምፅም አንድ ነው። አስፈጻሚ አካል የለም። በባሕር ላይ ስለተማረኩ መርከቦች ይግባኝ ከሚሰማ አንድ ችሎት በቀር የጋራ ፍርድ ቤትም አልነበረም። አንዲት ግዛት ከ2 እስከ 7 ተወካይ መላክ ትችላለች፤ ሰባቱም ቢገኙ ተመካክረው የሚሰጡት አንድ ድምፅ ነው። ጦርነት ለመግጠም፣ ውል ለመዋዋል፣ ለመበደርና ወጪ ለማጽደቅ የ9 ግዛቶች ድምፅ ያስፈልጋል። ሰነዱን ራሱን ለማሻሻል ደግሞ የአሥራ ሦስቱም ግዛት ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው።

የገንዘቡ ነገር ከሁሉም የባሰ ነበር። ኮንግረስ ግብር መጣል አይችልም፤ ለየግዛቱ ድርሻ ተምኖ «ላኩ» ከማለት በቀር። እድር እንኳ መዋጮ ያልከፈለን ይቀጣል፣ ሲብስበትም ከመዝገብ ይሰርዛል፤ ኮንግረስ ግን መቀጫም መሰረዣም አልነበረውም። በ1781 መገባደጃ 8 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆ እስከ 1784 መጀመሪያ የገባው 1.5 ሚሊዮን አልሞላም። በጦርነቱ ዘመን የታተመው የወረቀት ገንዘብ አስቀድሞ ዋጋ አጥቶ ነበር፤ በ1780 ኮንግረስ ራሱ 40 የወረቀት ዶላር በ1 የብር ዶላር እንዲመነዘር ወስኗል። በ1784 ሠራዊቱ ሲበተን 80 ወታደር ብቻ ቀረ፤ 25ቱ ፎርት ፒት፣ 55ቱ ዌስት ፖይንት ላይ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይጠብቁ ነበር። እንግሊዞች በበኩላቸው በ1783ቱ የፓሪስ ውል የአሜሪካ በሆነው ምድር ላይ ያሉትን ዲትሮይትንና ናያግራን የመሰሉ ምሽጎች ይዘው አልወጡም። ምክንያታቸው «ግዛቶቻችሁ ነጋዴዎቻችን ብድራቸውን እንዳያስመልሱ ከልክለዋል» የሚል ሲሆን፣ ከፊሉ እውነት ነበር። ውሉን የፈረመው ኮንግረስ ግዛቶቹን ማስገደድ አይችልም።

ብዙ ሰው ይህንን ሁሉ «ደካማ ነበር» ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። ለንጽጽር ግን ድካሙን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። አንደኛው የሥልጣን እጦት ነው፦ ግብር የለም፣ ንግድን መቆጣጠር የለም። ሁለተኛው የአሠራር ጉድለት ነው፦ የኮንግረስ ትእዛዝ የሚደርሰው ለግዛት መንግሥታት እንጂ ለሰው አይደለም። ሦስተኛው ቁልፉ ነው፦ የሁሉም ስምምነት ካልተገኘ ምንም አይሻሻልም። በእኛ ግምት ክብደት ያላቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ሥልጣንን በወረቀት ላይ መጨመር ለማንም አይከብድም፤ ስድስቱም አማራጮች ማለት ይቻላል በአንድም በሌላም መንገድ ጨምረውታል። የሚለያዩት እምቢ ያለው አካል ምን እንደሚደረግ ሲጠየቁ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም አማራጭ በአራት ጥያቄ መመዘን ይበቃል። ገንዘቡ ከማን እጅ ይሰበሰባል? ሕጉን የጣሰው ማን ፊት ይቀርባል? ድምፁ የሚቆጠረው በግዛት ነው በሰው? ሰነዱ ስሕተት ሲገኝበት በስንት ድምፅ ይታረማል?

አማራጭ አንድ፦ እንዳለ ማቆየት

ይህ የሰነፍ አማራጭ ይመስላል፤ ደጋፊዎቹ ግን ማስረጃ ነበራቸው። የኮንፌዴሬሽኑ ኮንግረስ የተሳካለት ነገር ቢኖር የመሬት ጉዳይ ነው። የ1785ቱ የመሬት ድንጋጌ የምዕራቡን ምድር 6 ማይል በ6 ማይል እየቆረጠ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በ36 እየከፈለ፣ አንዱን ክፍል በ640 ኤከር ለክቶ፣ ቢያንስ በ1 ዶላር በኤከር እንዲሸጥና 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት እንዲውል አዘዘ። ጁላይ 13 ቀን 1787፣ ፊላደልፊያ ላይ ሌሎቹ ሲከራከሩ፣ ኒው ዮርክ የተቀመጠው ኮንግረስ የሰሜን ምዕራብ ድንጋጌን አጸደቀ፦ ከአካባቢው ከ3 እስከ 5 አዳዲስ ግዛቶች ይወጣሉ፤ 60,000 ነፃ ነዋሪ ያለው አካባቢ ከነባሮቹ እኩል ሆኖ ይገባል፤ ባርነት አይፈቀድም።

ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ የተሳካው መሬቱ ከግዛቶቹ ወጥቶ የኮንግረስ ስለሆነ ነው። እዚያ ላይ መሐል የሚገባ የግዛት መንግሥት የለም። የተሳካበት ቦታ ራሱ ጉድለቱ ምን ላይ እንደነበር ያሳያል።

እንዳለ ማቆየትን የቀበረው የማሳቹሴትስ አመፅ ነው። ግዛቲቱ የጦርነት ዕዳዋን ለመክፈል ከባድ ግብር በጥሬ ብርና ወርቅ ትሰበስብ ስለነበር ገበሬው መሬቱን በፍርድ መነጠቅ ጀመረ። ከኦገስት 1786 ጀምሮ ዳንኤል ሼይስን የመሰሉ የጦርነቱ ዘማቾች እየመሩ የታጠቁ ሰዎች ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1787 ስፕሪንግፊልድ የሚገኘውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሲሄዱ በመድፍ ተመቱ፤ አራት ሰው ሞተ። ግምጃ ቤቱ የኮንግረስ ነው፤ የጠበቀው ግን የግዛቲቱ ሚሊሻ ነው። አመፁን ለማብረድ የተላከውን ጦር ወጪ የሸፈኑትም የቦስተን ነጋዴዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ነው። ጋራ መንግሥቱ የራሱን መሣሪያ ቤት እንኳ መጠበቅ አልቻለም።

አማራጭ ሁለት፦ አንድ አንቀጽ እየጨመሩ መጠገን

ይህ ተሞክሯል፤ ሁለቴም ከሽፏል። በ1781 ኮንግረስ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ልሰብስብ ብሎ ጠየቀ። በ1782 ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ አለች፤ ቨርጂኒያም የሰጠችውን ፈቃድ መልሳ ነጠቀች። በ1783 ለ25 ዓመት የተወሰነ፣ ለዕዳ ክፍያ ብቻ የሚውል ለስለስ ያለ ጥያቄ ቀረበ። ይህንን ያሰናከለችው ኒው ዮርክ ናት። የወደቧ ቀረጥ የግዛቲቱን ካዝና ይሞላ ነበርና በሷ በኩል ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሌሎቹ ግን ለመጠገን በሚሞከርበት መንገድ ሁሉ በሩ ላይ አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ እንደሚቆም አዩ።

መጠገንን የሚመርጥ ሰው ማስላት ያለበት ይህንን ነው፦ ከአሥራ ሦስት አንዱ ሁልጊዜ የሚጎዳበት ነገር ይኖራል። የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ያነበበ ሰው አንቀጽ 105ን ያስታውሳል፤ የመብት ምዕራፉንና የማሻሻያ አንቀጾቹን ለመለወጥ የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች መስማማት ያስፈልጋል። ልዩነቱ እዚያ ቁልፉ የተሠራው ለተመረጡ ክፍሎች ሲሆን፣ በአሜሪካው የመጀመሪያ ሰነድ ግን ለመጨረሻዋ ነጥብ ሳይቀር ነበር።

ሴፕቴምበር 1786 አናፖሊስ ላይ ስለ ንግድ ለመነጋገር ጉባኤ ተጠራ። የመጡት ከ5 ግዛቶች 12 ሰዎች ናቸው። ውሳኔ ለመስጠት ስለማይበቁ አሌክሳንደር ሃሚልተን ሪፖርት ጽፎ፣ በሜይ 1787 ሁለተኛ ሰኞ ፊላደልፊያ ላይ ሰፋ ያለ ጉባኤ እንዲደረግ ጠየቁ። ኮንግረስ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1787 ፈቀደ፤ የፈቀደው ግን አንቀጾቹን ለማሻሻል ብቻ ነው። ይህ «ብቻ» በኋላ ብዙ ያጨቃጭቃል።

አማራጭ ሦስት፦ ለሁለት ወይም ለሦስት መከፈል

ሰሜኑ ለብቻ፣ መሐሉ ለብቻ፣ ደቡቡ ለብቻ ኮንፌዴሬሽን ይሁን የሚለው ሐሳብ በ1786 ይወራ ነበር። ያነሣሣው በዋናነት የሚሲሲፒ ወንዝ ነው፦ ስፔን ወንዙን ስትዘጋ፣ ለንግድ ውል ሲባል መብቱን ለጊዜው እንተውላት በሚለው ላይ ኮንግረስ 7 ለ5 ተከፈለ፤ ሰባቱ የሰሜን፣ አምስቱ የደቡብ ግዛቶች ነበሩ። ፊላደልፊያ ላይ በሰነድ ያቀረበው የለም። የሚጠቅመው ለማስፈራሪያ ነበር፤ ለዚያም አገልግሏል።

አማራጭ አራት፦ የቨርጂኒያ ዕቅድ

ጉባኤው ሜይ 14 ሊጀመር ታስቦ ሰው ስላልሞላ እስከ ሜይ 25 ተጠበቀ። የቨርጂኒያ ልዑካን ቀድመው ደርሰው ስለነበር በነዚያ ቀናት እየተገናኙ 15 ነጥብ ያለው ረቂቅ አዘጋጁ። የሐሳቡ ዋና ባለቤት ጄምስ ማዲሰን ነው፤ ሜይ 29 ያነበበው ግን ገዢው ኤድመንድ ራንዶልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጉባኤው ሲከራከር የከረመው በዚህ ጽሑፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ረቂቅ ይዞ የገባ ወገን ሌላውን ማሻሻያ አቅራቢ ያደርገዋል፤ ለማንኛውም የሕግ ረቂቅ ሥራ የሚጠቅም ዘዴ ነው።

ዕቅዱ ሁለት ምክር ቤት ያቆማል፤ ሁለቱም በሕዝብ ብዛት ወይም በመዋጮ መጠን ይመጠናሉ። የታችኛውን ሕዝቡ ይመርጣል፤ የላይኛውን የታችኛው ምክር ቤት ግዛቶች ከሚጠቁሟቸው ይመርጣል። አስፈጻሚና የፍርድ አካል ይኖራል። ኮንግረሱ የግዛቶችን ሕግ መሻር ይችላል። ከአራቱ ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ መልሱ ግልጽ ነው፦ ሕጉ በቀጥታ ለሰው ይደርሳል። ማዲሰን ሜይ 31 ላይ በራሱ ዕቅድ ውስጥ የነበረውን፣ እምቢ ያለችን ግዛት በጦር ማስገደድ የሚለውን ነጥብ ውይይቱ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ አደረገ። በግዛት ላይ ኃይል መጠቀም ከቅጣት ይልቅ ጦርነት ይሆናል የሚል ነበር ምክንያቱ። ግለሰብ ግን ፍርድ ቤት ይቀርባል።

የሚሰበርበት ቦታም አለው። የትንንሾቹን ግዛቶች ድምፅ ከሁለቱም ምክር ቤቶች ያወጣል። ደላዌር ለልዑካኗ የሰጠችው ውክልና የግዛቶች እኩል ድምፅ እንዳይነካ በግልጽ ይከለክል ስለነበር፣ እነሱ ቢፈልጉ እንኳ መስማማት አይችሉም። በ1790 ቆጠራ ቨርጂኒያ 747,610፣ ደላዌር 59,096 ሰው ነበራቸው፤ ከአሥራ ሁለት ለአንድ በላይ ነው። የግዛቶችን ሕግ የመሻሩ ሥልጣንም በየዓመቱ ከአሥራ ሦስት ምክር ቤት የሚወጣውን ሕግ ሁሉ ማዕከል ላይ ማንበብን ይጠይቃል። አይሠራም ነበር።

አማራጭ አምስት፦ የኒው ጀርሲ ዕቅድ

ዊልያም ፓተርሰን ጁን 15 ያቀረበው ይህ ዕቅድ ያለ አግባብ ይናቃል። አንዱን ምክር ቤትና የግዛቶችን እኩል ድምፅ እንዳለ ይተዋል፤ ኮንግረስ ግን የገቢ ዕቃ ቀረጥና የቴምብር ክፍያ እንዲሰበስብ፣ ንግድ እንዲቆጣጠር ይፈቅዳል። ከአንድ በላይ ሰዎች ያሉበት አስፈጻሚ አካልና የበላይ ፍርድ ቤት ያቆማል። ከሁሉም በላይ የጋራው ሕግና ውል የበላይ ሕግ እንዲሆን፣ የግዛት ዳኞችም በዚያ እንዲገደዱ ያዛል። ኮንግረስ ከሰጠው ውክልና የማይወጣ ብቸኛ ዕቅድ ይህ ነበር፤ ፓተርሰንም ይህንኑ ደጋግሞ አንሥቷል። ሕጋዊነትን ከሁሉ የሚያስቀድም ተከራካሪ የሚይዘው ይህንን ነው፤ ጠንካራ መከራከሪያ አለው።

ድክመቱ ግማሽ መንገድ መቅረቱ ነው። ቀረጡ በቀጥታ ከነጋዴው ይሰበሰባል፤ ይህ ጥሩ። ካልበቃ ግን ወደ ግዛቶች መዋጮ ይመለሳል፤ እምቢ ያለች ግዛት በጦር ትገደዳለች። ማዲሰን የሸሸው ይህንኑ ነው፤ ትልቋ ቨርጂኒያ እምቢ ብትል ማን ይዘምትባታል? በጁን 19 ድምፅ 7 ለ3 ወደቀ፤ ሜሪላንድ ለሁለት ተከፈለች።

ዕቅዱ ግን በዚያው አልሞተም። ጁላይ 17 የቨርጂኒያው ሕግ የመሻር ሥልጣን ሲጣል፣ ሉተር ማርቲን ከኒው ጀርሲ ዕቅድ የበላይ ሕግ የሚለውን ሐሳብ አንሥቶ አቀረበ፤ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ዛሬ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የግዛትን ሕግ ሲሽር የሚቆምበት አንቀጽ ከተሸናፊው ዕቅድ የመጣ ነው።

አማራጭ ስድስት፦ የሃሚልተን

ጁን 18 ቀኑን ሙሉ በተናገረው ንግግር ሃሚልተን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አስፈጻሚና ሴኔት፣ በማዕከል የሚሾሙ የግዛት ገዢዎች ይኑሩ አለ። ድምፅ የሰጠበት የለም። ጥቅሙ የቨርጂኒያ ዕቅድ በንጽጽር ለዘብ ያለ እንዲመስል ማድረጉ ነው።

የተገጣጠመው፦ በሁለት መለኪያ መቁጠር

ጁላይ 2 በላይኛው ምክር ቤት እኩል ድምፅ ላይ 5 ለ5 ሆነ፤ ጆርጂያ ለሁለት ተከፈለች። ከየግዛቱ አንድ ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሮጀር ሸርማንን የመሰሉ የኮኔቲከት ሰዎች ሲገፉት የቆየው ሐሳብ ጁላይ 16 በ5 ለ4 አለፈ፤ ማሳቹሴትስ ተከፍላ ድምፅዋ አልተቆጠረም። ኒው ሃምፕሸር ገና አልደረሰችም፤ ከኒው ዮርክ ልዑካን ሁለቱ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በፊት ተቆጥተው ሄደዋል፤ ሮድ አይላንድ ከመነሻውም አልመጣችም። በአንድ ግዛት ድምፅ ልዩነት ያለፈ ውሳኔ ነው።

በስምምነቱ መሠረት የታችኛው ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ይመጠናል፤ ገንዘብ የሚመለከት ሕግ ከዚያ ይነሣል፤ በሴኔት ግን ግዛት ሁሉ እኩል ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለል ዝርዝር አለ፦ ሁለቱ ሴናተሮች ድምፅ የሚሰጡት በየግላቸው ነው። በድሮው ኮንግረስ የአንድ ግዛት ልዑካን ሁለት ሆነው ካልተስማሙ ድምፃቸው ይጠፋ ነበር። በዚህ ትንሽ ለውጥ ሴናተሩ የግዛት መንግሥት መልእክተኛ ከመሆን ወጣ።

የሕዝብ ብዛት እንዴት ይቆጠር የሚለው ግን የሰነዱ ነውር ነው። በባርነት የተያዘው ሰው በሦስት አምስተኛ፣ ማለትም ከአምስቱ ሦስቱ እንዲቆጠር ተወሰነ። ይህ ልክ የተፈጠረው ፊላደልፊያ ላይ አይደለም፤ በ1783 ለመዋጮ ማከፋፈያ ተብሎ ከቀረበውና ከከሸፈው ማሻሻያ የተቀዳ ነው። ያኔ ደቡቦቹ መዋጮው እንዲያንስላቸው ባሮቹ አይቆጠሩ ይሉ ነበር፤ መቀመጫ ሲከፋፈል ግን ይቆጠሩ አሉ። ውጤቱን በቁጥር ለማየት፦ በ1790 ቨርጂኒያ ውስጥ 292,627 ሰዎች በባርነት ነበሩ። በ1792 በ33,000 አንድ መቀመጫ ሲታደል ቨርጂኒያ 19 አገኘች፤ ነፃው ሕዝብ ብቻ ቢቆጠር 13 ነበር የሚደርሳት። በዚያ ላይ ኮንግረስ የባሪያ ንግድን እስከ 1808 እንዳይከለክል ተደነገገ። ስምምነት ነው ብሎ የሚያደንቅ ሰው ማን በማን ሒሳብ እንደተስማማም አብሮ መቁጠር አለበት።

የአስፈጻሚውን በአጭሩ እንለፈው፦ አንድ ሰው ይሁን የሚለው ጁን 4 ላይ 7 ለ3 አለፈ። በኮንግረስ ለ7 ዓመት ይመረጥ፣ ዳግም አይመረጥ የሚለው ሐሳብ ለወራት ሲወድቅ ሲነሣ ከርሞ በሴፕቴምበር መጀመሪያ በኮሚቴ ተለውጦ የ4 ዓመት ዘመንና በየግዛቱ የሚሰየሙ መራጮች ሆነ።

የጉባኤው የአሠራር ደንብ ራሱ ሊጠና ይገባል። በሩ ዝግ ነው፤ ጽሑፍ አይወጣም። የ7 ግዛት መገኘት ምልዓተ ጉባኤ ነው። የተሰጠ ድምፅ ዳግም ሊታይ ይችላል። በዚህ የተነሣ ሰው ትላንት ያለውን ዛሬ ለመለወጥ አላፈረም። በጠቅላላው 55 ሰው ተገኘ፤ ሴፕቴምበር 17 የፈረሙት 39 ናቸው። እስከ መጨረሻው ቆይተው ያልፈረሙት ራንዶልፍ፣ ጆርጅ ሜሰንና ኤልብሪጅ ጌሪ ነበሩ። ሜሰን ከአምስት ቀን በፊት የመብቶች ዝርዝር ይጨመር ብሎ የደገፈው አንድም ግዛት አልተገኘም። ጉባኤው የሠራው ትልቁ የስሌት ስሕተት ይሄ ነው፤ ለማጽደቅ በተኬደበት ሁሉ ተቃዋሚ የሚያነሣው የመጀመሪያ ነገር ሆነ።

ሁለተኛው ምርጫ፦ በየት በኩል ይጽደቅ?

አዲሱ ሰነድ በድሮው ደንብ ቢቀርብ የ13ቱን ምክር ቤቶች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሮድ አይላንድ ብቻዋን ትገድለዋለች። ስለዚህ አንቀጽ 7 ደንቡን ለወጠው፦ በየግዛቱ ለዚሁ ሲባል የሚመረጥ ጉባኤ ይጠራ፤ 9 ግዛቶች ካጸደቁት በተቀበሉት መካከል ሥራ ላይ ይውላል። ሁለት ጥቅም አለው። የግዛት ምክር ቤት ሥልጣኑን ራሱ እንዲቀንስ አይጠየቅም። ያልገባችው ግዛትም ሌሎቹን አታስቆምም፤ ከውጭ ትቀራለች እንጂ። ሕጋዊ ነበር ወይ? በድሮው ሰነድ ፊደል አልነበረም። ይህንን ሳይሸፍኑ መናገር ይሻላል።

በየግዛቱ ሦስት ዓይነት መንገድ ታየ፤ የሚሠራውና የማይሠራው የለየውም እዚህ ነው።

መጣደፍ፦ ፔንሲልቬኒያ። የማጽደቂያው ጉባኤ እንዳይጠራ ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት ከስብሰባ ቀርተው ምልዓተ ጉባኤ አሳጡ። ሴፕቴምበር 29 ሰዎች ሄደው ሁለቱን ከማረፊያቸው ጎትተው አመጡ፤ በር ተዘግቶባቸው ተቆጠሩ። ዲሴምበር 12 በ46 ለ23 ጸደቀ። ፍጥነቱ ተገኘ፤ ቂሙ ግን በምዕራቡ የግዛቲቱ ክፍል ቆየ።

አሁን አጽድቆ ማሻሻያ መጠየቅ፦ ማሳቹሴትስ። ጉባኤው ሲጀመር ተቃዋሚው ይበልጥ ነበር። ገዢው ጆን ሃንኮክ 9 የማሻሻያ ሐሳቦች አቀረበ፤ ቅድመ ሁኔታ ሳይሆኑ በአደራ መልክ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1788 በ187 ለ168 ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ከሜሪላንድ በቀር የጸደቀባቸው ግዛቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንን ተከተሉ፦ ኒው ሃምፕሸር ጁን 21 ዘጠነኛ ሆና በ57 ለ47፣ ቨርጂኒያ ከአራት ቀን በኋላ በ89 ለ79፣ ኒው ዮርክ ጁላይ 26 በ30 ለ27። ለኒው ዮርክ ሲባል ሃሚልተን፣ ማዲሰንና ጆን ጄይ በአንድ የብዕር ስም «ፌዴራሊስት» የሚባሉትን 85 ጽሑፎች አወጡ፤ የዜግነት ፈተናው የሚጠይቀው ስለ እነዚህ ነው። ኒው ዮርክን ያንበረከካት ግን ጽሑፉ ሳይሆን የቨርጂኒያ መግባት ይመስለናል።

መጀመሪያ ይሻሻል ከዚያ እናጸድቃለን ማለት፦ ሰሜን ካሮላይና በኦገስት 1788 በ184 ለ84 ይህንን መረጠች፤ ከመጀመሪያው ምርጫ ውጭ ቀረች።

የቱ ለማን?

አባላቱ የጋራ መከላከያ ብቻ የሚፈልጉ፣ ገበያቸውም የተለያየ ከሆነ ኮንፌዴሬሽን መጥፎ አይደለም፤ ማሻሻያው ግን በሁሉም ስምምነት አይሁን፣ መዋጮውም መቀጫ ይኑረው። የጋራ ዕዳና የጋራ ወደብ ካለ ቀረጡን ከዕቃው ላይ በቀጥታ የሚሰበስብ አካል ግድ ነው፤ የኒው ጀርሲ ዕቅድ እስከዚያ ያደርሳል። ከቀረጥ በላይ ወጪ ካለ እሱም አይበቃም። ትልልቅና ትንንሽ አባላት በአንድ ላይ ሲሆኑ ሁለት መለኪያ ያለው ምክር ቤት ያስማማል፤ ዋጋው ጥቂት ሕዝብ ያላቸው ግዛቶች ብዙ ሕዝብ ያላቸውን ለዘለቄታው ማስቆም መቻላቸው ነው። በአንቀጽ 5 መሠረት አንድን ግዛት ያለ ፈቃዷ በሴኔት ያላትን እኩልነት መንጠቅ አይቻልም፤ የድሮው ቁልፍ ከዚህ አንድ ክፍል አልወጣም። ለሌላው ሁሉ የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የግዛቶች ሦስት አራተኛ ይበቃል።

ርክክቡ

የድሮው ኮንግረስ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1788 የምርጫውን ቀኖች ወሰነ፤ ከኦክቶበር በኋላ ግን ምልዓተ ጉባኤ ማግኘት አልቻለም። አዲሱ ማርች 4 ቀን 1789 ኒው ዮርክ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተቀጥሮ ከ59 ተወካይ 13፣ ከ22 ሴናተር 8 ብቻ ተገኙ። የታችኛው ምክር ቤት ኤፕሪል 1፣ ሴኔት ኤፕሪል 6 ሞላ። ጆርጅ ዋሽንግተን ኤፕሪል 30 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ጁላይ 4 የገቢ ዕቃ ቀረጥ ሕግ ወጣ፤ ከስምንት ዓመት በፊት የተለመነው ገንዘብ ያለ ማንም ግዛት ፈቃድ ከመርከብ ጭነት ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ሴፕቴምበር 25 ኮንግረስ 12 ማሻሻያዎች ላከ፤ አሥሩ ዲሴምበር 15 ቀን 1791 ጸደቁ። ሰሜን ካሮላይና ማሻሻያዎቹ እንደተላኩ ባየች ጊዜ ኖቬምበር 1789 ገባች።

ሮድ አይላንድ በ1788 ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ 2,708 ለ237 ውድቅ አድርጋው ነበር። በሜይ 1790 ሴኔት ከእሷ ጋር የሚደረገውን ንግድ የሚዘጋ ረቂቅ ሲያጸድቅ፣ በዚያው ወር 29ኛ ቀን በ34 ለ32 ገባች።